ስለ ስንብት ወረቀትና ስለማይታየው የጦር ቍስል

ጦርነት በሰው ላይ የሚያደርሰው ቍስል ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ጥይትና ፍንጣሪ በሥጋ ላይ የሚያወርደው ሲሆን፥ ይህን ሐኪም በዓይኑ አይቶ በእጁ ዳስሶ ይመሰክርለታል። ሁለተኛው በአእምሮ ላይ የሚወርደው ነው፤ ይኸኛው ግን ጠባሳው ስለማይታይ ባለቤቱ ብቻውን ይሸከመዋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቍስል ከሠራዊቱ የወጣ ሰው ጀግና ሲባል፥ በሁለተኛው የወጣው ብዙ ጊዜ ሰካራም፥ ፈሪ ወይም ከዳተኛ ይባላል።

ከጎንደር ከተማ በስተ ደቡብ፥ ከአዘዞ አልፎ በሚገኘው በፀዳ የተወለደ አንድ ወታደር ለምሳሌ ይታሰብ። ይህ ሰው ብዙ ዓመት በቅንነት ያገለገለ ነው። ጓደኞቹ በአጠገቡ ሲወድቁ ካየ በኋላ ግን እንቅልፍ አጣ፤ ጥቂት ባሸለበውም ጊዜ ጦርነቱ በሕልሙ ይመለስበታል፤ የበር መንኳኳት ያስበረግገዋል። ሐሳቡን ለመርሳት መጠጥ አበዛ፤ ከአለቃው ተጣላ፤ በመጨረሻም አንድ ሌሊት ያለ ፈቃድ ከሰፈሩ ወጥቶ ሄደ። በመዝገቡ የተጻፈው ግን የብዙ ዓመቱ አገልግሎት ሳይሆን የዚያች ሌሊት ጥፋት ነው። ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ ወረቀቱ በየደረሰበት ይከሰዋል፤ ሥራ ሲለምን፥ ስለ አገልግሎቱ አበል ሲጠይቅ፥ በዘመድ ጉባኤ ሲቀመጥ አንገቱን ያስደፋዋል።

ይህ ሕመም ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። ካህናት እንደሚያውቁት ንጉሥ ሳኦል መንፈሱ በታወከ ጊዜ ዳዊት በገና እየደረደረ ያሳርፈው ነበር። በአውሮጳ አቈጣጠር ከ1914 እስከ 1918 በተደረገው ታላቅ ጦርነት የእንግሊዝ ሐኪሞች ሕመሙን የመድፍ ድንጋጤ ብለው ሰየሙት። በ1980 ደግሞ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከከባድ አደጋ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ጭንቀት ብሎ በበሽታዎች መዝገብ አገባው። እንግዲህ ነገሩ የጠባይ ብልሹነት ሳይሆን ምልክቱ የታወቀ፥ ሕክምናም ያለው ደዌ መሆኑ ተረጋግጧል።

የሌሎች አገሮች ታሪክ እንደሚያስረዳው ይህን ዘግይቶ መረዳት ዋጋው ከባድ ነው። በዚያው በታላቁ ጦርነት እንግሊዝ በመክዳት፥ በፍርሃትና ይህን በመሳሰለ ጥፋት የረሸነቻቸውን 306 ወታደሮች በ2006 በወጣ ሕግ ምራለች። ከእነዚህም መካከል ስንቱ ሕመምተኛ እንደ ነበረ አሁን መርምሮ መለየት አይቻልም፤ ምሕረቱ የደረሰው ከመቃብራቸው ላይ ነውና።

አሜሪካ ግን በሕይወት ላሉት መንገድ ከፍታለች። በዚያ አገር የስንብት ወረቀት ከክብር ስንብት ጀምሮ እስከ ውርደት ስንብት ድረስ ደረጃ አለው፤ ደረጃውም የተሰናባቹን መብት ይወስናል። ከቬትናም ጦርነት የተመለሱት ብዙዎች በዝቅተኛ ደረጃ ተሰናብተው ስለ ነበረ፥ የመከላከያ ሚኒስትሩ ቸክ ሄግል በ2014 የአእምሮ ጭንቀት አለብን የሚሉ ሰዎች አቤቱታ በለጋስ ዓይን እንዲታይ አዘዙ። በ2017 የወጣው መመሪያም መርማሪዎቹ አራት ነገር እንዲጠይቁ ደነገገ፤ ይኸውም ሕመሙ ነበረን? በአገልግሎት ጊዜ ነበረን? ጥፋቱን ያስተባብላል ወይም ያቀላል? ከስንብቱ ምክንያትስ ያመዝናል? የሚል ነው። የወታደሩ የራሱ ቃል እንኳ እንደ ማስረጃ ይቈጠራል። ሆኖም አስቦና አቅዶ የፈጸመው ወንጀል በዚህ ሰበብ በቀላሉ አይታለፍም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ የጎንደር ምድር ዘማች መላክም ዘማች መቀበልም የቈየ ልማዷ ነው። በ1983 ዓመተ ምሕረት የቀድሞው ሠራዊት በተበተነ ጊዜ ከ400,000 የሚበልጡ ወታደሮች በአንድነት ወደ ቤታቸው ተመልሰው፥ እነርሱንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተሠይሞ ነበር። ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት በ1993 በአልጀርስ ስምምነት ከተዘጋ በኋላም ወደ 150,000 የሚጠጉ ተሰናብተዋል። ከሰሜኑ ጦርነት በኋላ ደግሞ በ2015 የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ተቋቁሞ፥ ከ370,000 የሚበልጡ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ የመመለስ ሥራ ተሰጥቶታል። እህል፥ ዘር፥ በሬና መቋቋሚያ ገንዘብ መስጠት መልካም ነው፤ ነገር ግን ሌሊት የማይተኛ ገበሬ በሬውን ጠምዶ ማረስ አይሆንለትም፤ ስሙ የጐደፈበትም ሰው በገንዘብ ብቻ አይቋቋምም።

የአገራችን ሕግ የነገሩን መሠረት አስቀድሞ ይዞታል። በ1996 ዓመተ ምሕረት የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 48፥ በሕመም ምክንያት የሥራውን ምንነት ለመረዳት ወይም ራሱን ለመግዛት ያልቻለ ሰው በወንጀል ኃላፊ እንዳይሆን፥ በአንቀጽ 49 ደግሞ ችሎታው በከፊል የጐደለ ሰው ቅጣቱ እንዲቀልለት ይደነግጋል። ዳኛ በችሎት ተቀምጦ ለሕመምተኛ የሚያቀለው ከሆነ፥ በጽሕፈት ቤት የተጻፈ የስንብት ወረቀት ከዳኛው ፍርድ ይልቅ የጠነከረ ሊሆን አይገባውም።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል፤ ይኸውም ሰፈሩን ጥሎ የሄደ ሁሉ ታምሜ ነበር እያለ ቢመጣ የሠራዊቱ ሥርዓት አይፈርስምን? የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ወረቀትን መርምሮ ማረም ጥፋትን ማጽደቅ አይደለም። ምርመራው ሕመምተኛውን ከአመካኚው ይለያል፤ ያለ ምርመራ ግን ሁለቱ በአንድ ስም ይጠራሉ። ሥርዓትን የሚያጸናውም ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ቢቈስል መንግሥቱ እንደማይጥለው የሚያውቅ ወታደር በምሽጉ ይበልጥ ይጸናል።

ስለዚህ ሦስት ነገር ይገባል። አንደኛ፥ ወታደር ስለ ጥፋቱ ከመሰናበቱ በፊት የአእምሮ ሐኪም እንዲመረምረው፥ የምርመራውም ቃል ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝ ነው። ሁለተኛ፥ ያለፈውን ስንብት እንደገና የማየት ሥርዓት ግልጽና ለባላገሩ ቅርብ እንዲሆን፥ የሹማምንቱም ምርመራ ሰውየው ከዘመቻ በፊት ምን ዐይነት ሰው እንደ ነበረ ከጓደኞቹና ከቤተ ሰቡ የሚጠይቅ እንዲሆን ነው። ሦስተኛ፥ ሕክምናው በቅርብ እንዲገኝ ነው። ለዚህም ጎንደር ዕድለኛ ናት፤ በ1947 ዓመተ ምሕረት በጤና ትምህርት የጀመረ ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታል አላት፤ በፀዳም የጤና ባለሙያዎች የሚሠለጥኑበት ኮሌጅ ይገኛል። ከዚያ የሚወጣው ወጣት ባለሙያ የዚህን ሕመም ምልክት ቢያውቅ ብዙ ቤት ይድናል።

የካህናትም ድርሻ ትልቅ ነው። ለሐኪም ያልተነገረው ጭንቀት አስቀድሞ ለነፍስ አባት ይነገራል። የንስሐ ምሥጢር ተጠብቆ ሳለ፥ የነፍስ አባት ልጁን ጠበሉንም እንዲጠመቅ፥ ሐኪሙንም እንዲያይ፥ አቤቱታውንም እንዲያቀርብ ቢመክረው፥ ከጸሎቱ የሚያጐድለው ነገር የለም።

አገር ለልጇ መሣሪያ አስይዛ ስትልከው ሥጋውን ብቻ ሳይሆን አእምሮውንም ተቀብላ ነው። የተቀበለችውን ሁሉ በአደራ መመለስ ይገባታል፤ በሰላም ካልመለሰችውም የቈሰለውን ልጅ ጥፋተኛ ብላ መጻፍ የለባትም።