ንግሥት ጉንዳን በብልቃጥ

ናይሮቢ ላይ ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም. የተሰጠውን ፍርድ ብዙዎች እንደ ቀልድ ሰምተውታል። 5,000 ያህል ንግሥት ጉንዳኖች ይዘው የተገኙ ሁለት ቤልጂየማውያን ወጣቶች እያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን ሽልንግ እንዲከፍሉ፣ አለዚያ 12 ወራት እንዲታሰሩ ተፈርዶባቸዋል። ድርጊቱ ሕገወጥ መሆኑን አላወቅንም ብለው ነበር።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ከወንድ የተገናኘች ንግሥት የዓመታት ዘር በሆዷ ይዛለች፤ በአንዲት ብልቃጥ ውስጥ ብቻዋን መንጋ ትመሠርታለች። እሷን የወሰደ መንደሩን ወሰደ ማለት ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ኔዘርላንድስ ውስጥ በጤፍ ላይ የተሰጠው ፓተንት በዚያው አገር ፍርድ ቤት የተሻረው በ2011 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ የነቃነው ከተወሰደብን በኋላ ነበር። ኬንያ ግን ብልቃጡ ከአገር ሳይወጣ ደረሰችበት። የዝሆን ጥርስ ብቻ የሚፈልግ ፍተሻ ጉንዳን አያይም፤ የእኛስ ፍተሻ ያያል?