ገደል ለመውጣት ሲያቅዱ ቃሬዛውንም ያቅዱ

ባለፈው ሳምንት አምስት ወጣቶች አንድ ላይ ወደ ምርመራ ክፍሌ ገቡ። የታመመ የለም፤ የፈለጉት «ጤነኛ ናቸው» የሚል ወረቀት ነበር። ጥቅምት ላይ ከደጀን በታች ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርደው የአሸዋ ድንጋዩን ገደል በገመድ ሊወጡ አስበዋል። ከተሳካላቸው ደግሞ ወደፊት ገርዓልታን ያያሉ። ደም ግፊታቸውን ለካሁ፣ ልባቸውንና ሳንባቸውን አዳመጥኩ፣ ሁሉም ደህና ነበሩ። ከመፈረሜ በፊት ግን አንድ ነገር ጠየቅኋቸው፦ «አንዳችሁ ቢወድቅ ማን ይሸከመዋል? በስንት ሰዓት የት ይደርሳል?»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዱ እየሳቀ «ኧረ ዶክተር፣ አያሟርቱብን!» አለኝ።

ማሟረት አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት ይህንኑ ወረቀት ለአንድ ወጣት ፈርሜለት ነበር። ያኔ ወዴት እንደሚሄድ እንኳ አልጠየቅኩትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ያየሁት በአልጋ ተሸክመው ሲያመጡት ነው። ከአራት ሜትር የማይበልጥ ከፍታ ላይ ሆኖ የያዘው ድንጋይ ተፈንቅሎ ወድቆ፣ ከጉልበቱ በታች ያለው አጥንት ተሰብሮ ነበር። ይህ ስብራት በራሱ እግር የሚያሳጣ አልነበረም። ጓደኞቹ የሚያደርጉት ጠፍቷቸው በበቅሎ ወደ አንድ መንደር ወሰዱት፤ እዚያም በቀርቀሃ ጥብቅ ተደርጎ ታሰረ። ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ «ስብራት ነው፣ ያማል፣ ቻለው» ተባለ። በሦስተኛው ቀን ጩኸቱን ሲያቆም ተሻለው ብለው ደስ አላቸው። ለካ ያቆመው እግሩ ስለሞተ ነበር። የተቆረጠው ከጉልበቱ በላይ ነው።

ወጌሻዎቻችንን ለመንቀፍ አይደለም ይህን የምጽፈው። ወለምታ በማሸት ብዙ ሰው ያሳረፉ አሉ፤ የእኔም አያት ይሄዱ ነበር። ነገር ግን አጥንት ሲሰበር አካሉ ለሰዓታት እያበጠ ይሄዳል። ጠዋት ልክ የነበረ እስር ማታ ማነቂያ ይሆናል። ደም ካልደረሰው ጡንቻ 6 ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላ መሞት ይጀምራል። ስለዚህ ማንም ይሰር ማን፣ ከእስሩ በታች ያሉት ጣቶች ሁልጊዜ መታየት አለባቸው። ጥፍሩን ተጭነው ሲለቁት በ2 ሰከንድ ውስጥ ቀለሙ ካልተመለሰ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ፣ ሌላ ሰው ጣቶቹን ቀስ አድርጎ ሲያንቀሳቅስ ታማሚው የሚያስለቅስ ሕመም ከተሰማው እስሩን ወዲያው ያላሉ። እስሩን በማላላትዎ አጥንቱ ትንሽ ቢዛነፍ በሕክምና ይቃናል፤ የሞተ ጡንቻ ግን አይመለስም።

ለመሆኑ ወጣቶቹ የሚሄዱበት ድንጋይ ምን ዓይነት ነው? ከደጀን ቁልቁል ሲወርዱ መጀመሪያ የሚያገኙት ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ከዚያ የአሸዋ ድንጋይ፣ የኖራ ድንጋይና ጅብስ ይከተላሉ፤ ወንዙ አጠገብ ደግሞ እንደገና የአሸዋ ድንጋይ ይመጣል። ይህ የታችኛው በሥነ ምድር ባለሙያዎች ዘንድ የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ ይባላል። የገርዓልታ ገደሎች፣ ሰዎች ጫማቸውን አውልቀው በእጅና በእግር መቆናጠጫ እየታገዙ የሚወጡበት የአቡነ የማታ ጉሕ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ዐለት ሳይቀር፣ ከዚሁ ወገን ናቸው። ማይካ ቡርሃርት የተባለች አሜሪካዊት ተራራ ወጪ በትግራይ የአሸዋ ድንጋይ ላይ ስላደረገችው ጉዞ የጻፈችው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። እንግዲህ የወጣቶቹ ሐሳብ እብደት አይደለም። «ተዉት፣ ቤታችሁ ተቀመጡ» የሚል ሐኪም አልሆንም፤ እንዲህ ያልናቸው ልጆች መሄዳቸውን አይተዉም፣ ለእኛ መንገሩን ነው የሚተዉት።

የአሸዋ ድንጋይ ግን ጠባይ አለው። ዝናብ ሲጠጣ ይለሰልሳል፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ የሰው ክብደት ሲያርፍበት እንደ ደረቅ ዳቦ ይቆረሳል። ልምድ ያላቸው ወጪዎች ዘነበ ማለት ቢያንስ አንድ ሁለት ቀን መጠበቅ ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። ስለዚህ ክረምቱ አልፎ ድንጋዩ እስኪደርቅ መቆየት ተገቢ ነው።

እዚህ ላይ ነው ለደጋ ሰው የሚያስቸግረው። ድንጋዩ በሚደርቅበት ወራት ወባው ይነሣል። በአገራችን ወባ በብዛት የሚሠራጨው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ በተለይም ከ2000 ሜትር በታች ባሉ ቦታዎች ነው። ደብረ ማርቆስ 2400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ የዓባይ ድልድይ አካባቢ ግን ወደ 1000 ሜትር ይወርዳል። ደጋ ያደገ ሰው ለወባ የዳበረ መከላከያ የለውም። ከመሄድዎ በፊት ስለ መከላከያ መድኃኒት ሐኪምዎን ያማክሩ፤ እዚያ ካደሩም በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ውስጥ ይተኙ። ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሳምንታት፣ ከወር በኋላም ቢሆን፣ ትኩሳት ከያዝዎት «ጉንፋን ነው» ብለው አይተኙ። ወደ ጤና ተቋም ሄደው «ቆላ ወርጄ ነበር» ይበሉ። እርስዎ ካልነገሩት ደጋ ላይ ያለ ሐኪም ወባን ላያስብ ይችላል።

ሙቀቱም እንዲሁ ነው። ሌላ ተራራ ሲወጡ ጉልበት ባለበት ጠዋት ወጥተው ሲደክምዎት ይወርዳሉ። ሸለቆ ግን ተቃራኒ ነው፦ ጠዋት በብርዱ እየተጫወቱ ይወርዳሉ፣ ዳገቱ የሚጠብቅዎት በቀትር ነው። በጉዞ ላይ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ውኃ ያስፈልጋል፤ ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ መውረድ ቀልድ ነው። ከወንዙ እንቀዳለን ለሚሉም ዓባይ ውስጥ አዞ እንዳለ ላስታውስ። ከጓደኞችዎ አንዱ መቀባዠር ከጀመረና ሰውነቱ እንደ ምጣድ ከጋለ ጥላ ውስጥ አስገብተው ልብሱን ያውልቁ፣ ያለዎትን ውኃ ሁሉ አርከፍክፈው ያራግቡት። አእምሮው ላልረጋ ሰው ግን ውኃ በአፉ አይስጡ፤ ወደ ሳንባው ይገባል።

ስለ ገመድ የማውቀው ከሕክምናው በኩል ያለውን ነው። የጭነት መኪና ገመድ ለሰው አይሆንም፤ የሚወድቅን ሰው እየተለጠጠ የሚቀበል ለዚሁ የተሠራ ገመድ አለ። ማሰሪያ የሌለው የግንባታ ቆብም ጭንቅላት መሬት ሳይነካ ይወልቃል። ሰው በገመድ እንደተንጠለጠለ ራሱን ከሳተ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ስለሚችል፣ ከምንም በፊት ወደ መሬት ማውረድ ነው። እንዴት እንደምታወርዱት ሳትለማመዱ አትውጡ።

ወደ ቃሬዛው ልመለስ። ሰው ሲወድቅ እኛ የምናደርገውን አውቃለሁ፤ ሮጠን እናነሣዋለን፣ «አይዞህ፣ ጎበዝ፣ ተነሥ!» እንላለን፣ ፊቱ ላይ ውኃ እንደፋለን። አከርካሪው የተጎዳ ከሆነ በዚያች አይዞህ ባይነት ዕድሜ ልኩን ሽባ ልናደርገው እንችላለን። ድንጋይ የሚወርድበት ቦታ ካልሆነ በቀር አያንሡት። አንድ ሰው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይያዝ፤ ሌሎች አካሉን እንደ ግንድ አንድ ላይ አገላብጠው ቃሬዛ ላይ ያሳርፉት። ሁለት ጠንካራ እንጨትና አንድ ጥሩ ጋቢ ቃሬዛ ይሆናል፤ ይህን አባቶቻችን ያውቁበታል። የሚደማ ቁስል ላይ ቡና አይነስንሱ፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠበቅ አድርገው ይጫኑ፣ እያነሡ አይዩት። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ካስታወከ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወይም ንግግሩ ከተምታታ ለሊቱን አይጠብቁ። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ስለሚችልም ምግብ አይስጡት።

አንድ ጎልማሳ በቃሬዛ ዳገት ለማውጣት ቢያንስ ስድስት ተሸካሚ ይፈልጋል፤ ቢደክሙ የሚተኳቸው ደግሞ ሌላ ስድስት። አምስት ሆነው የሄዱ፣ አንዱ ቢወድቅ የሚቀሩት አራት ናቸው። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ወደ ቅርቡ ቀበሌ ሄዳችሁ ታወቁ፤ የአካባቢውን ሰው መሪ አድርጋችሁ ውሰዱ። የቅርቡን ጤና ጣቢያ ስልክ፣ የቀይ መስቀልን የአምቡላንስ ቁጥር 907ን ያዙ። የስልክ ኔትወርክ የት ቦታ ላይ እንደሚቆም ስትወርዱ እያያችሁ መዝግቡ። ከደጀን ደብረ ማርቆስ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአስፋልት አጭር ይመስላል፣ አስፋልቱ ላይ እስኪደርሱ ያለው ግን ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ቤት ለቀረ አንድ ሰውም «እስከ ማታ 12 ሰዓት ካልደወልን ፈልጉን» ብላችሁ ንገሩ። አስም ያለበት መንፊያውን፣ ስኳር ያለበት መድኃኒቱንና የሚበላ ነገር በኪሱ ይያዝ፤ ጓደኞቹም ይወቁ። የሚጥል በሽታ ያለበት የሌላውን ገመድ አይያዝ። የቴታነስ ክትባታችሁንም ቀድማችሁ አሟሉ።

ለአምስቱ ልጆች ያን ቀን አልፈረምኩም። «የምትሸከሙበትን አስባችሁ ኑ» ብዬ ሰደድኳቸው፤ ሲወጡ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ትናንት ሁለቱ ተመልሰው መጡ። አንዱ ደጀን አካባቢ የሚኖር አጎቱን አነጋግሮ ሰባት የሰፈር ጎረምሶች ከላይ ሆነው እንዲጠብቋቸው ተስማምቷል፤ ሌላዋ የጣት ጥፍር ተጭና ስትለቅ ቀለሙ ሲመለስ በራሷ እጅ ላይ አሳየችኝ። ገመዱን ግን ገና አላገኙም። ወረቀቱ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ገመዱን ይዘው ሲመጡ እፈርምላቸዋለሁ።