ውሻው ነጃሳ ነው አልን፤ ዱላ የያዘው ልጅስ?



በየጊዜው በቴሌግራም ግሩፖቻችን የሚዞር አንድ ዓይነት ቪዲዮ አለ። አንድ የፈረንጅ ቤተሰብ ከዓመት በላይ ያሳደገውን ውሻ ለማያውቀው ዓይነ ስውር ሲያስረክብና ሲያለቅስ ያሳያል። ከሥሩ የምንጽፈውም ሁሌ አንድ ነው። ሰው ጠፍቶ ነው ውሻ የሚመራው? ነጃሳ ይዞ መስጂድ ሊገባ ነው? እኛ እኮ አልሐምዱሊላህ ቤተሰብ አለን! ከዚያ የሳቅ ምልክት ደርድረን እናልፋለን።

ዛሬ የምንጽፈው በዚህ ሳቃችን ላይ ነው። እኛም ስቀናልና ከማንም በፊት የምንወቅሰው ራሳችንን ነው።

መጀመሪያ የሳቅንበትን ነገር በደንብ እንወቀው። ዓይነ ስውራንን የሚመሩ ውሾች ማሠልጠኛ እ.ኤ.አ. በ1916 በጀርመን ኦልደንበርግ ተከፈተ፤ የተከፈተውም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች ነበር። አሜሪካ በ1929፣ እንግሊዝ በ1931 ተከተሉ። ዛሬ በብዙዎቹ ድርጅቶች ቡችላው ሁለት ወር ገደማ ሲሞላው አንድ በጎ ፈቃደኛ ቤት ይገባል። አሳዳጊው ደመወዝ የለውም። ሌሊት ተነሥቶ ያሸናዋል። አውቶቡስ ላይ ይዞት ይወጣል፣ ገበያ መሐል ያዞረዋል፣ ከመኪና ጡሩምባ ጋር ያለማምደዋል። መሬት የወደቀ አጥንት እንዳያነሣ፣ ድመት ሲያይ እንዳይፈተለክ፣ ሰው ላይ እንዳይዘል ያስተምረዋል። ይህን ሁሉ ዓመትና ከዚያ በላይ አድርጎ ውሻውን ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ባለሙያዎች ለወራት መንገድ መምራትን ያሠለጥኑታል። ከሚያስተምሩት አንዱ፣ ይገርማችኋል፣ አለመታዘዝ ነው፤ ባለቤቱ ሂድ ቢለው እንኳ መኪና እየመጣ ከሆነ አልሄድም ብሎ እንዲቆም። የሚሄዱበትን የሚያውቀው ሰውየው ነው። ውሻው ጉድጓዱንና ግንዱን ያስመልጠዋል እንጂ አቅጣጫ አይመርጥለትም። ሁሉም ቡችላ ፈተናውን አያልፍም፤ አሳዳጊው ይህንንም እያወቀ ነው ዓመቱን የሰጠው። ለማን? ስሙን እንኳ ለማያውቀው ሰው።

«ግን እኮ ውሻ ነው» የሚል አለ። እሺ። እኛ ሙፍቲ አይደለንም፣ ዑለሞቻችንን ጠይቁ። ግን ስትጠይቁ አንድ መልስ ብቻ አትጠብቁ። በሻፊዒዮች ዘንድ ውሻ ሁለመናው ነጃሳ ነው፤ በሐነፊዮች ዘንድ በሚታወቀው አቋም ምራቁ እንጂ ገላው አይደለም፤ ማሊኪዮች ውሻው ንጹሕ ነው፣ የላሰውን ዕቃ ማጠቡ የዒባዳ ትእዛዝ ነው ይላሉ። ያለ ምክንያት ውሻ የሚያሳድግ ሰው ምንዳው በየቀኑ እንደሚጎድል የሚናገረው ሐዲስ የአደን፣ የከብት ጥበቃና የእርሻ ውሻን ለይቶ ያስወጣል። ደግሞ ይህን ለማወቅ ኪታብ መግለጥም አያስፈልገንም። የአምባሰል ገበሬ በጎቹን ከጅብ የሚጠብቅለት ውሻ አለው። አባቱም ነበረው፣ አያቱም ነበረው። በዚህ ምክንያት ሃይማኖቱን የተጠራጠረበት ሰው አልሰማንም። ለበግ የተፈቀደ ለአደም ልጅ ዓይን እንዴት ይከለከላል?

እንግሊዝ አገር ይህ ጥያቄ በተግባር መጥቶባቸዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. ሌስተር ከተማ ውስጥ አንድ ዓይነ ስውር ሙስሊም ወጣት ከሚመራው ውሻ ጋር ወደ መስጂድ መምጣት ፈለገ። የዚያ አገር የሙስሊም ሸሪዓ ምክር ቤት መረመረና ፈቀደ። መስጂዱ ከመስገጃው ውጪ ለውሻው ማረፊያ ቦታ አዘጋጀ፤ ልጁ ገብቶ ይሰግዳል፣ ውሻው እዚያ ይጠብቀዋል። በቃ። መስገጃው አልተነካ፣ ልጁም ከጀማዓው አልቀረ።

ስለዚህ ሐይቅ ላይ ውሻ እናሠልጥን እያልን ነው? አይደለም። አንድ መሪ ውሻ ለማድረስ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይወጣል፣ አሠልጣኝም የለንም። ቢኖርስ? ውሻ ባየን ቁጥር ድንጋይ የምናነሣ ሰዎች ነን። የእብድ ውሻ በሽታ ገና ሰው በሚገድልበት አገር ባለቤት የሌለው የመንገድ ውሻ መንጋ ያንን የሠለጠነ ምስኪን ከነጌታው ይበላው ነበር። የኛ ጉዳይ ውሻው አይደለም። «እኛ ቤተሰብ አለን» ያልነው ላይ ነው የኛ ጉዳይ።

ማነው ያ ቤተሰብ?

ሐይቅ ከተማ፣ ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚወስደው አስፋልት ዳር ቁሙ። ባጃጁ ይራወጣል፣ የጭነት መኪናው ያጓራል። አንድ ሽማግሌ በዱላ ጫፍ እየተሳቡ ይመጣሉ። የዱላውን ሌላ ጫፍ ያዩ እንደሆነ ልጅ ነው። ስምንት ቢሆነው፣ ዘጠኝ ቢሆነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት ነው፤ እኩዮቹ ክፍል ውስጥ ናቸው። ወደ ውጫሌ፣ ወደ አምባሰል ገደላ ገደል ከወጣችሁ ደግሞ ያው ልጅ አስፋልት በሌለበት፣ አንድ እግር ቢስት ሁለት ነፍስ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው።

ቤተሰብ ያልነው እሱን ነው። የሳቅነውም በሱ ትከሻ ላይ ቆመን ነው።

ፈረንጁ ቡችላውን ገና ሳይሠለጥን አስፋልት አሻግር አይለውም። እኛ ግን መኪና በቅጡ መገመት የማይችልን ሕፃን የሌላ ሰው ነፍስ አሸክመን እንልካለን። ውሻው ስምንት፣ አሥር ዓመት ገደማ ሲሞላው ጡረታ ይወጣል። ልጁ ጡረታ የለውም። ሲያድግ ዱላውን ለታናሹ ያስረክባል፣ ፊደል ሳይቆጥር ወደ ቀን ሥራ ይሄዳል። አባትየውን አንወቅስም፤ ምን ያድርጉ? አያትየውንም አንወቅስም። የምንወቅሰው በዚያው መንገድ ስልካችንን እየነካካን የምናልፈውን፣ ለመስጂድ ጽዳት ተደራጁ ሲባል የምንሰለፈውን፣ ለዚህ ግን ማንም አስታውሶን የማያውቀውን እኛን ነው።

የሚመራኝ የለኝም የሚለው አቤቱታ ለዲናችን አዲስ አይደለም። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ አንድ ዓይነ ስውር ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መጥቶ ወደ መስጂድ የሚመራው ሰው እንደሌለው ተናግሮ ቤቱ ይሰግድ ዘንድ ፈቃድ ጠየቀ። ፈቀዱለት። ዞር ሲል ግን ጠርተው አዛን ይሰማ እንደሆነ ጠየቁት፤ እሰማለሁ ሲል እንዲመጣ ነገሩት። ይህን ሐዲስ ስለ ጀማዓ ሶላት ክብደት ስንት ጊዜ ሰማነው! ዓይነ ስውሩን ና ካሉት፣ ዓይን ያለው ጎረቤቱስ ምን ይጠበቅበታል ብለን ግን አንጠይቅም። ስለ ዐብደላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም ሱረቱ ዐበሳ ወርዷል። እሳቸው ሙአዚን ነበሩ፣ ነቢዩ ለጉዞ ሲወጡም መዲናን ለሳቸው አደራ ሰጥተው ወጥተዋል። በኛ ዘመን ቢሆኑ መስጂዱ በር ላይ የቆመው ባጃጅ ይጥላቸው ነበር።

አሁን አንድ ቁጥር ስሙ። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው አገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ነበር። ከሺህ ሰው አሥራ ስድስት ማለት ነው። ጁሙዓ ላይ ሰፉን ቁጠሩ። ሺህ ሰው በሚሰግድበት መስጂድ አሥራ ስድስት ታገኛላችሁ? አምስት ካገኛችሁ ደህና ነው። የቀሩት ቤት ናቸው።

በዚያው ጥናት ግማሽ ያህሉ ዓይናቸውን ያጡት በሞራ ግርዶሽ ነበር፤ በቀዶ ሕክምና የሚገፈፍ ነገር! ከመቶ አሥራ አንድ ተኩሉን ደግሞ ያሳወራቸው ትራኮማ ነው፤ የአማራ ክልልም ትራኮማ ከጸናባቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ሆኖ ኖሯል። እንግዲህ በዱላ ጫፍ ከሚሳቡት አባቶች ስንቶቹ ጭራሽ መሪ ባላስፈለጋቸው ነበር? ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ (ስሙን በሌላ፣ በሚያም ታሪክ የምናውቀው ቦሩ ሜዳ) የዓይን ሕክምና የሚሰጥ ሆስፒታል አለ። ከሐይቅ ማልዶ የተነሣ ሰው በጊዜ ይደርሳል። ሸይኹን ይዞ የሚሄድ፣ ወረፋ የሚይዝ፣ አዳራቸውን የሚያስታምም አንድ ወጣት ነው የጎደለው። ከፈረንጁ የምንወስደው ይህን ነው፤ ውሻውን ሳይሆን የአሳዳጊውን ትዕግሥት። እሱ ዓመት ሰጠ። እኛ አንድ ቀን ተጠየቅን።

ደግሞ እኛም ሥልጠና ያስፈልገናል፣ አትሳቁ። ቡችላው ከዓመት በላይ ይማራል፤ እኛ ሰውን ስንመራ ማንም አስተምሮን አያውቅም። ዱላቸውን አንጎትት፤ ዱላው ዓይናቸው ነው። ከኋላም አንግፋ። ክርናችንን እንስጥ፣ እሳቸው ይያዙን፣ ግማሽ እርምጃ ቀድመን እንሂድ፤ ደረጃ ሲመጣ ቆም ብለን እንንገር። ወዴት እንደሚሄዱ እሳቸው ይወስኑ፣ ያ ውሻ እንኳ ይህን ያውቃል። ወጣት ለሆነውና ብቻውን መሄድ ለሚፈልገው ነጭ በትርና አጠቃቀሙን የሚያሳየው ሰው ይፈለግለት፤ ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር የሚጠየቅበት ነገር ነው። ባለሱቆች ደግሞ ጆንያና ጀሪካኑን ከእግረኛ መሄጃው ወደ ውስጥ ሳቡ። ከመንገድ ላይ እንቅፋት ማንሣት ሶደቃ መሆኑን ሁላችንም በልጅነታችን ተምረናል።

የየመስጂዱ ወጣቶች ጀማዓ በዚህ ሳምንት ቁጭ ብሎ ይመካከር። ለሱብሒ ማን፣ ለዒሻ ማን፣ ለገበያ ቀን ማን ብሎ ይከፋፈል፤ አንድ ሰው ብቻውን እንዳይሸከመው። ልጁን ከዱላው ስታላቅቁት ግን በዚያው እንዳትተዉት፤ መስከረም ላይ ማን ትምህርት ቤት ወስዶ እንደሚያስመዘግበው አብራችሁ ወስኑ።

እስከዚያው ከዚህ ሥር ጻፉልን፤ በሰፈራችሁ ስንት ዓይነ ስውር አለ፣ ማን ይመራቸዋል፣ መሪው ስንተኛ ክፍል ነው? የማንንም ስም አትጻፉ፤ ሰፈሩን ብቻ።