ዳኛውን ለቀቅ አድርጉት!

ድቻ በተሸነፈ ቁጥር «ዳኛው በላን!» ነው። በ2010 ካይሮ ላይ ዛማሌክን በመለያ ምት 4 ለ 3 ጥለን ስናልፍስ? የዳኛውን ስም የያዘ አለ? የለም! ስናሸንፍ ግብ ጠባቂው ጀግና፣ ስንሸነፍ ዳኛው ሌባ።

ኳሷ እስክትመታ ድረስ የግብ ጠባቂው ቢያንስ አንድ እግር ከመስመሩ መውጣት የለበትም። እስቲ ይሄንን ከደጋፊ መቀመጫ ሆናችሁ ለዩት! ስህተት ካለ ክለቡ ክስ ያስይዝ፤ የሰው እናት ምን አደረገች?

በዚያው 2010 እኮ ባምላክ ተሰማ ለራሺያው ዓለም ዋንጫ ተመርጦ ሄዷል። እኛ ጋ ግን ተማሪዎቼን «የክፍሎች ጨዋታን ማን ይዳኝ?» ስላቸው ሁሉም አንገቱን ይደፋል። ስድቡን ከእናንተ ሰምተውታላ! በቀደም ራሴው ፊሽካ ይዤ ገባሁ፤ 10 ደቂቃ ሳይሞላ «ሌባ!» ተባልኩ። ያውም በ9ኛ ክፍል ልጅ።