ስለ ከባድ የእንግሊዝኛ ቃላት አጠናን

በተማሪነታችን ዘመን በየቀኑ 20 የእንግሊዝኛ ቃል ከመዝገበ ቃላት እየቀዳን በቃላችን እንይዝ ነበር። ፈተናው ሲያልፍ ቃሉም አብሮ አለፈ። የቅኔ ተማሪ ግሥን ከነእርባታው እንደሚያጠና፥ እኛም የእንግሊዝኛውን ቃል ከነዘሩ ማጥናት ይገባን እንደ ነበር የተረዳነው ዘግይተን ነው።

ምሳሌ እንስጥ። ለቤታችን እንግዳ ያልሆነው ኤጲስ ቆጶስ የሚለው ስም የግሪክ ቃል ነው፤ «ኤጲ» በላይ፥ «ስኮፖስ» ተመልካች ማለት ነው። ይኸው ቃል በላቲን በኩል ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ «ቢሾፕ» ሆነ። ከዚሁ ዘር «ቴሌስኮፕ» የሩቁን ማያ፥ «ማይክሮስኮፕ» የረቂቁን ማያ፥ «ስኬፕቲክ» ሳይመረምር የማያምን ተጠራጣሪ ይወጣሉ። አንዱን ዘር የያዘ ልጅ አራቱን አይረሳም።

ነገር ግን ዘር ብቻውን ያሳስታል። «ሆሮስኮፕ» በዘሩ ሰዓት ተመልካች ማለት ሲሆን፥ ዛሬ የሚነገረው ለኮከብ ቆጠራ ነው። ስለዚህ ቃሉ በንግግር የሚገባበትንም ስፍራ ማወቅ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ቃል ይዞ ሲመጣ ትርጓሜውን ብቻ ሳይሆን ዘሩንና ወንድሞቹን ጠይቁት፤ ከዚያም በራሱ ዐረፍተ ነገር አግብቶ ያሰማችሁ። በየምሽቱ አምስት ቃል እንዲህ ቢጠና ይበቃል።