ለሐይቆቻችን የሚሆነው ካያክ
ከአዳማ ወጥቶ በላንጋኖ፣ በባቦጋያ ወይም በዝዋይ ሐይቅ ላይ ለመቅዘፍ ካያክ የሚገዛ ሰው ፍጥነቱን ትቶ ስፋቱን ይመልከት ባይ ነኝ። ርዝመቱ 3 ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ ከ75 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ከላዩ የሚቀመጡበት ጠንካራ ፕላስቲክ ለጀማሪ ይበቃል። እግር ወደ ውስጥ የሚገባበት ዓይነት ሲገለበጥ ውሃ ይሞላል፤ ያንን ውሃ መሐል ሐይቅ ላይ ቀድቶ መጨረስ ለዋናተኛም ከባድ ነው። ከላይ የሚቀመጡበት ግን ውሃውን በቀዳዳዎቹ ያፈስሳል፤ ቢገለበጥም አቃንተው ተመልሰው ይወጡበታል። በአየር የሚነፋው በሚኒባስ ለመጫን ይመቻል፤ ዳሩ ግን የላንጋኖ ዳርቻ የግራር እሾህ አገር ነው፣ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስም ቀላሉን ጀልባ ከዳር ያርቀዋል። ውሃውንም ለዩ፦ በ1952 ዓ.ም. በአዋሽ ላይ በተሠራው ግድብ የተፈጠረው ቆቃ አዞና ጉማሬ አለው፤ ዝዋይም ጉማሬና ቢልሃርዚያ አለበት። ቆቃን ጭራሽ አልመክርም። ገንዘቡ ለካያክና ለሕይወት አድን ጃኬት ካልበቃ ካያኩ ይቆይ፤ ጃኬቱን አስቀድማችሁ ግዙ፣ በተከራያችሁት ጀልባ ላይም ልበሱት።