በስክሪን ላይ ያማረ መነጽር

በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በር አጠገብ ፈረቃ በሚለወጥበት ሰዓት ለጥቂት ጊዜ ቆሞ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ከስፌት መስመሮች ወጥተው ወደ ባጃጅና ወደ ሰርቪስ አውቶቡስ ከሚያመሩት ወጣቶች መካከል መነጽር ያደረገ ፊት ማየት ብርቅ ነው። እነዚህ ወጣቶች ሲሠሩት የዋሉት ሥራ ግን ዓይንን አጥብቆ የሚጠይቅ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ፓርክ በዋናነት ለጨርቃ ጨርቅና ለአልባሳት ፋብሪካዎች የታሰበ ነው፤ የስፌት ሠራተኛዋም ከዓይኗ ግማሽ ሜትር እንኳ በማይርቅ መርፌ ላይ ዓይኗን ተክላ ትውላለች። ስፌቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ከተጣመመ ልብሱ ተፈትቶ እንደገና ይሰፋል።

መነጽር ያላደረገ ሁሉ መነጽር አያስፈልገውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው የዓይን ጤና ጥናት፣ ከሕዝቡ 1.6 በመቶ የሚሆነው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶ የሚሆነው ደግሞ ዝቅተኛ የማየት ዓቅም ያለው መሆኑን አሳይቷል። ከዝቅተኛ የማየት ዓቅም ውስጥ ሲሶ ያህሉ (33.4 በመቶ) የመጣው ብርሃን በዓይን ውስጥ በተገቢው ቦታ ባለመሰብሰቡ ነበር፤ ይኸውም በሁለት ቁራጭ ሌንስ የሚታረም ችግር ነው።

ታዲያ ሌንሱ ለምን አይደረግም? ዋጋ አንዱ ምክንያት ነው፤ የባለሙያ እጥረትም ሌላው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የወደድነው ብዙ ጊዜ በቁም ነገር የማይታየውን ሦስተኛ ምክንያት ነው፤ ይኸውም «አያምርብኝም» የሚለውን። «አራት ዓይና» የሚለው ቃል ለሊቅ የክብር ስም በሆነበት አገር፣ መነጽር የታዘዘላት ልጅ ግን ያስረጀኛል ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ትሸሽገዋለች። ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ጥናት፣ በሜክሲኮ ኦሃካ ግዛት ነጻ መነጽር ከተሰጣቸው ተማሪዎች መካከል መነጽራቸውን አድርገው የተገኙት ከመቶ 13 ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ ካላደረጉባቸው ምክንያቶች አንዱም የመልክና የመሾፍ ፍርሃት ነበር። ስለዚህ የመነጽር ውበት የቅንጦት ጉዳይ ነው የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል ብለን እናምናለን። ያላማረ መነጽር አይደረግም፤ ያልተደረገ መነጽር ደግሞ ምንም አያርምም።

በዚህ ምክንያት፣ በስልክ ካሜራ ፊት ተቀምጦ ፍሬሙን በራስ ፊት ላይ በምስል የመሞከር ዘዴ (ከዚህ በኋላ «የምስል ሙከራ» እንበለው) ሲመጣ ደስ ብሎናል። አዳማ የሚደርሰው ግን በዙሪያ ጥምጥም ነው። ከእኛ ተማሪ ብዙው በውጭ ገንዘብ ከባሕር ማዶ መደብር መግዛት አይችልም። በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ የመደብሩን አድራሻ ይልክለታል፤ እርሱም ፊቱን በስልኩ አሳይቶ የወደደውን ይመርጣል፤ ዕቃው ወደ አገር ቤት በሚመጣ መንገደኛ ሻንጣ ውስጥ ይደርሳል። ዕቃው ካልሆነ መመለስ የለም ማለት ነው። በሜሪላንድ የሚኖር ገዢ በሳምንት ውስጥ መልሶ ሌላ ይቀይራል፤ የአዳማው ገዢ ግን በመጀመሪያው ምርጫው ይቀራል። ስለዚህ የምስል ሙከራው ስሕተት ከማንም ይልቅ በእኛ ላይ ይከብዳል።

ከባልደረቦቻችን አንዱ ይህ ደርሶበታል። በሁለቱም ዓይኖቹ ከሩቅ ለማየት የተቀነሰ 4.00 ዳዮፕተር ሌንስ ያስፈልገዋል። አክስቱ ሊገዙለት ቃል በገቡት መሠረት ሰፋ ያለ ጥቁር ፍሬም በስልኩ ሞክሮ መረጠ። ምስሉን ያየን ሁሉ አድንቀንለታል፤ ይህን መካድ አንችልም። መነጽሩ በደረሰ በሦስተኛው ቀን ግን ራስ ምታት ጀመረው፤ ሰሌዳ ላይ የጻፈው ቀመር አልፎ አልፎ ሁለት ሆኖ ይታየው ጀመር። መንሥኤው አንዲት ቁጥር ነበረች። የግዢው ቅጽ በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለውን ርቀት ይጠይቃል፤ እርሱ ስላላወቀው አስቀድሞ ተሞልቶ ያገኘውን 65 ሚሊ ሜትር እንዳለ ተወው። በኋላ ሲለካ የእርሱ ርቀት 59 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ።

ስድስት ሚሊ ሜትር ምን ያህል ነገር ነው? የፊዚክስ ተማሪ በቀላሉ ሊያሰላው ይችላል። ሰው ከሌንሱ ማዕከል ወጣ ባለ ቦታ ሲመለከት ሌንሱ እንደ ፕሪዝም ይሠራል፤ የፕሪዝሙ መጠን ማዕከሉ በሴንቲ ሜትር የተዛነፈበት ርቀት በሌንሱ ዳዮፕተር ተባዝቶ ይገኛል። ይህ በመነጽር ባለሙያዎች ዘንድ የፕሬንቲስ ሕግ ተብሎ ይታወቃል። የ6 ሚሊ ሜትሩ ስሕተት ለሁለቱ ዓይኖች ሲከፈል ለእያንዳንዱ 0.3 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በ4 ሲባዛ 1.2 የፕሪዝም ዳዮፕተር፣ በሁለቱ ዓይኖች ደግሞ 2.4 ይሆናል። አንድ የፕሪዝም ዳዮፕተር ማለት በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ምስልን በአንድ ሴንቲ ሜትር ማዛወር ነው። የባልደረባችን ዓይኖች ሩቅ ባዩ ቁጥር ይህን ለማካካስ ወደ ውጭ መዘርጋት ነበረባቸው፤ ዓይን ደግሞ ወደ ውስጥ ለመጠጋት እንጂ ወደ ውጭ ለመዘርጋት ያለው ዓቅም ጥቂት ነው። ስክሪኑ ይህን ሊያሳየው አይችልም ነበር፤ ምክንያቱም በስክሪኑ ላይ የሞከረው ሌንስ የሌለውን ፍሬም ነው።

የምስል ሙከራው ዋነኛ ድክመት መጠንን አለማወቁ ነው። ተራ ካሜራ ትንሽ ፊት ከቅርብ ይሁን ትልቅ ፊት ከሩቅ የሚያይ መሆኑን በራሱ አይለይም። ስለሆነም አንዳንዶቹ ፕሮግራሞች ፍሬሙን በፊታችን ልክ አስፍተው ወይም አጥብበው ያስቀምጡታል፤ የሕፃን ፍሬም እንኳ ልክ የሆነ ይመስላል። የተሻሉት መመዘኛ ይጠይቃሉ። የባንክ ካርድ በግንባር ላይ አስደግፉ የሚሉት የካርዱ ርዝመት በመላው ዓለም 85.6 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ነው። ሌሎቹ በዓይናችን ባለቀለሙ ክብ ይመዝናሉ፤ ስፋቱ ከሰው ሰው ብዙም አይለያይም፤ ወደ 11.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ልዩነቱም ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ። ዘዴው የሚደነቅ ነው። ነገር ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር ከ11.7 ውስጥ 4 በመቶ ያህል ነው፤ 60 ሚሊ ሜትር በሆነ የብሌን ርቀት ላይ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ስሕተት ያመጣል። በዚያ ላይ ወደ ቅርብ ስልክ ስናፈጥ ብሌኖቻችን እርስ በርስ ይቀራረባሉ።

ስልኩ ፊታችንንም እንደ ወትሮው አያሳየንም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት፣ ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት የተነሣ ፎቶግራፍ ከ1.5 ሜትር ከተነሣው ጋር ሲነጻጸር አፍንጫን በ30 በመቶ ያህል አስፍቶ እንደሚያሳይ አስልቷል። የአፍንጫ ጫፍ ከጆሮ ይልቅ ለካሜራው በጣም ስለሚቀርብ የፊት መካከል ያብጣል፤ ዳሩ ይሸሻል። በዚህ ምስል ላይ ፍሬም የሚመርጥ ሰው ከስልኩ በቀር ማንም ለማያየው ፊት ይመርጣል።

የቆዳ ቀለምም ነገር አለ። አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉት ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ የሰውን ጾታ ከፊቱ የሚለዩ የንግድ ፕሮግራሞችን መርምረው ነበር። በጥቁር ሴቶች ላይ የስሕተቱ መጠን እስከ 34.7 በመቶ ሲደርስ በነጭ ወንዶች ላይ ከ0.8 በመቶ አላለፈም። የተመረመሩት የመነጽር መሞከሪያዎች አልነበሩም፤ ቢሆንም የማን ፊት ታይቶ የተሠራ ፕሮግራም ነው ብሎ መጠየቅን ከዚህ ጥናት ተምረናል። ፍሬሙ በአፍንጫችን ላይ ቢንሸራተት ወይም በአየር ላይ ቢንሳፈፍ ጉድለቱ የእኛ ፊት አይደለም።

«ለክብ ፊት አራት ማዕዘን ፍሬም፣ ለአራት ማዕዘን ፊት ክብ ፍሬም» የሚለውን የመደብሮች ምክርስ? እኛ ብዙም አንቀበለውም። የሻጭ ልማድ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ ከምናውቃቸው ሰዎች መካከል በክብ ፊት ላይ ክብ ፍሬም አድርገው ያማረባቸው አሉ። ለውበትም ለእይታም በአንድ ጊዜ የሚጠቅመው መመዘኛ ሌላ ነው፤ ብሌን በሌንሱ መካከል አካባቢ መዋል አለበት። ሰፊ ፍሬም ፋሽን በሆነበት በዚህ ወቅት ይህ ይዘነጋል። የተቀነሰ 6.00 ዳዮፕተር የሚያደርግ ተማሪ በተራ ፕላስቲክ ሌንስ 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ፍሬም ቢመርጥ የሌንሱ ዳር ከመካከሉ በ2.4 ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል፤ 56 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ቢመርጥ ግን በ4.7 ሚሊ ሜትር ገደማ። ዓይኑም ከወፍራሙ ሌንስ ጀርባ ትንሽ ሆኖ ይታያል። ይህ ሁሉ በስክሪኑ ላይ የለም።

አዳማም የራሷን ጥያቄ ትጨምራለች። በስምጥ ሸለቆ ሙቀት ፊት ያልባል፤ በከተማይቱ ዙሪያ ያሉትን የነፋስ ተርባይኖች የሚያዞረው ነፋስም አቧራውን አይተውም። ላብ በያዘው አፍንጫ ላይ የአፍንጫ ማረፊያ የሌለው ከባድ የፕላስቲክ ፍሬም ወደ ታች ይወርዳል፤ በወረደ ቁጥርም የሌንሱ ማዕከል አብሮ ይወርዳል። ማረፊያው የሚስተካከል ቀለል ያለ ፍሬም በምስል ባያምር እንኳ እዚህ ይሻላል። ሻሽ ወይም የሥራ ቆብ የምታደርግ ሴት ደግሞ ስልኩ ፊት ስትቀርብ እንደ ወትሮዋ ሸፍና ትቅረብ፤ በፀጉር ያማረ ፍሬም በሻሽ ላይ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ የመነጽሩ እጅም በሻሹ ሥር ጆሮ ላይ ይጫናል።

ውድ አንባቢያን፣ በምስል ሙከራው አትጠቀሙ እያልን አይደለም። ቀለምንና ቅርጽን ለመለየት፣ ከሃምሳ ፍሬሞች አምስት ለማስቀረት የሚወዳደረው የለም። ልኩን ግን ከራሳችሁ አሮጌ መነጽር ውሰዱ። በእጁ ውስጠኛ ገጽ ላይ እንደ 52፣ 18፣ 140 ያሉ ሦስት ቁጥሮች ተጽፈው ታገኛላችሁ፤ የሌንሱ ስፋት፣ በሁለቱ ሌንሶች መካከል ያለው የአፍንጫ ድልድይ ስፋትና የእጁ ርዝመት ናቸው፣ በሚሊ ሜትር። የሚመች መነጽር ካላችሁ ከእነዚህ ቁጥሮች ብዙ አትራቁ። መነጽር ኖሯችሁ የማያውቅ ከሆነ ከከተማው መነጽር ቤቶች ወደ አንዱ ገብታችሁ ጥቂት ፍሬሞችን በፊታችሁ ላይ አድርጋችሁ ቁጥራቸውን መዝግቡ። ጓደኛችሁም በቀን ብርሃን፣ ሁለት እርምጃ ያህል ርቆ ፎቶግራፍ ያንሣችሁ።

የብሌን ርቀት ግን ለተማሪው ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። እጃችን የገቡ የመነጽር ማዘዣዎች አብዛኞቹ ይህን ቁጥር አልያዙም። መለኪያው ተራ ማስመሪያ ሊሆን ይችላል፤ የሚወስደው ጊዜም ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። የዓይን ሐኪሞችና የኦፕቶሜትሪ ባለሙያዎች ሳይጠየቁ እንዲጽፉት እንጠይቃለን። የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎቻችንም በአዳማ መነጽር ቤቶች መደርደሪያ ላይ ያሉትን ፍሬሞች በትክክለኛ መጠናቸው የሚያሳይ የምስል ሙከራ ለመመረቂያ ሥራ ቢያስቡበት፣ ከባሕር ማዶ መደብር ይልቅ ለጎረቤት ይጠቅማሉ፤ ደንበኛው ያልሆነውን ፍሬም በዚያው ቀን ሊመልስ ይችላልና።

ከፓርኩ በር የጀመርነውም ስለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከባንግላዴሽ የወጣ ጥናት፣ ልብስ ሰፊዎችና የእጅ ባለሙያዎች ይገኙባቸው ከነበሩ ከ35 እስከ 65 ዓመት ዕድሜ ያላቸው የገጠር ነዋሪዎች መካከል የቅርብ ማያ መነጽር የተሰጣቸው፣ ካልተሰጣቸው ይልቅ ወርኃዊ ገቢያቸው በሲሶ ያህል (33.4 በመቶ) በልጦ መገኘቱን አሳይቷል። የፓርኩ ሠራተኞች አብዛኞቹ ወጣቶች ስለሆኑ ቁጥሩ እንዳለ ለእነርሱ አይሠራም። ሆኖም ከመካከላቸው ከሩቅም ከቅርብም በደንብ የማታይ፣ በቀን ሥራዋ መጨረሻ ራሷን የሚያማት፣ ድካም ነው ብላ የምታልፈው ትኖራለች። እርሷ የምትቀበለው መነጽር በመስታወት ፊት የማታፍርበት መሆን አለበት።

ባልደረባችን በመጨረሻ እዚሁ አዳማ ተለክቶ በዚያው ጥቁር ፍሬም ላይ በ59 ሚሊ ሜትር የተሠራ ሌንስ አስገብቷል። ራስ ምታቱ ጠፍቶለታል። ፍሬሙ ግን እስካሁን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን ከአፍንጫው ይንሸራተታል፤ በትምህርት መካከል በጣቱ ገፋ ሲያደርገው ተማሪዎቹ ይስቃሉ።